በሒሩት ሸክላ የቀናሁ ሰሞን

በሰው መቅናት ያለ ነው። በጎረቤት መኪና መቅናትም ያለ ነው። እኔ ግን በሸክላ የቀናሁ ሰው ነኝ። አዎ፣ በሚዘፍነው ሸክላ! መካከሉ ቀዳዳ ባለው፣ ጥቁር፣ ክብ፣ በሕይወቱ ምንም ባልበደለኝ ዕቃ። ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ላስታውቅ፤ በዚህ ወሬ ውስጥ ከእኔ በቀር ጥፋተኛ የለም። ሌላ ጥፋተኛ ለማግኘት ብዙ ደክሜ ነበር፤ አልተሳካልኝም።

ዘመኑ የደርግ ነው። እኛ "እስኪ አገሩ ትንሽ ይረጋጋ" ስንል ሳይረጋጋ እዚያው ስዊዘርላንድ የቀረን ሰዎች ነን። እኔ ዙሪክ፣ ሽዋመንዲንገን ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይቼ፣ ጠዋት ጠዋት ክሎተን አውሮፕላን ማረፊያ እየሄድኩ ለመንገደኛ የሚቀርበውን ምግብ ትሪ ላይ እደረድር ነበር። ሹካ በግራ፣ ቢላ በቀኝ፣ ቅቤ በላይ። አባቴ አዲስ አበባ ላይ "ልጄ አቪዬሽን ውስጥ ነው" እያለ ለጎረቤት ያወራል። እኔም አላረምኩትም፤ አባት ሲኮራ ማቋረጥ ነውር ነው።

ሒሩት ደግሞ ጄኔቫ ነበረች። ግራንድ ሳኮኔ ከአጎቷ ከጋሽ ወንድይራድ ጋር እየኖረች በአንድ ዓለም አቀፍ መሥሪያ ቤት ጽሕፈት ትሠራለች። ጋሽ ወንድይራድ በጃንሆይ ጊዜ እዚያው ከተማ ዲፕሎማት ነበሩ። ደርግ "ይመለሱ" ብሎ ሲጽፍላቸው "አሞኛል" ብለው መለሱ፤ ያ ሕመም ይኸው ስንት ዓመቱ፣ አልተሻላቸውም። እሳቸው ግን ጉንጫቸው ቀልቶ፣ በየቀኑ ሐይቅ ዳር ይንሸራሸራሉ።

ከሒሩት ጋር የተዋወቅነው ለፋሲካ የሁለቱም ከተማ ሰው ተሰብስቦ በተዋስነው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት እደውልላታለሁ። ስለ ብርዱ እናወራለን፣ ስለ ባቡሩ እናወራለን፣ ከአገር ቤት ተከፍቶ ስለሚደርሰን ደብዳቤ እናወራለን። የልቤን ግን ትንፍሽ አላልኩም። እንዴት ተብሎ? የጨዋ ልጅ ሽማግሌ ይልካል እንጂ ራሱ አፉን ይከፍታል? እያልኩ ራሴን ሳሞግስ አንድ ዓመት አለፈ። ፈሪ ለፍርሃቱ ምክንያት አጥቶ አያውቅም።

አንድ ቅዳሜ ስደውል ከጀርባዋ ሙዚቃ ይንጫጫል።

"ማን አለ?" አልኳት።

"ዳንኤል ነው። ሸክላ እየሰማን ነው።"

ዳንኤልን በሩቁ አውቀዋለሁ። ጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ የሚማር፣ በር ሲገባ ጎፈሬው ቀድሞት የሚገባ፣ የሱሪው እግር ሁለት ሰው የሚያስጠልል ልጅ።

"ምን ዓይነት ሸክላ?"

"ከአሜሪካ ደቡብ የመጡ ልጆች ናቸው። ነጭም ጥቁርም አብረው ነው የሚጫወቱት። ሮክ ነው ስትል ፋንክ ይሆንብሃል፣ ፋንክ ነው ስትል መዝሙር ይሆንብሃል፣ እሱን ሳትጨርስ ደግሞ የገበሬ ዘፈን። ዳንኤል እንደሚለው እንዲህ ያለ ቅልቅል ማንም ደፍሮት አያውቅም።"

"ዳንኤል እንደሚለው" የምትለዋ ቃል ጆሮዬ ውስጥ ቀረች። ደግነቱ አፌ ከጭንቅላቴ ቀድሞ የመሥራት ልምድ አለው።

"አውቃቸዋለሁ" አልኩ። "እኔም ጋ አለ።"

"እውነትህን ነው? የትኛውን ትወዳለህ?"

"የመጀመሪያውን።"

ሒሩት ቀስ ብላ፣ "የመጀመሪያው እኮ ዘፈን አይደለም። ጊታራቸውን ሲቃኙና አንደኛው ሲያስለው ነው የሚሰማው" አለችኝ።

"እኔም ሳሉን ነው የምወደው" አልኳት። "ከልቡ ነው የሚያስለው።"

አልሳቀችም። "እስቲ ጀርባውን በደንብ ስማውና ቅዳሜ ትነግረኛለህ" ብላ ዘጋች። በሚቀጥለው ቅዳሜ ጠየቀችኝ፤ ስለ ብርዱ አወራሁላት። በሦስተኛው ቅዳሜም ጠየቀችኝ፤ ስለ ባቡሩ አወራሁላት። ሸክላ ቤት ገብቶ መግዛት አቅቶኝ አይደለም። ዳንኤል ያመሰገነውን ሸክላ እኔ ልገዛ? ቆሜ እየሄድኩ? እሷ የዳንኤልን ስም በጠራች ቁጥር እኔ ደግሞ "ጎፈሬው አልከበደውም?" እላለሁ። ይህችን ለዛ ቢስ ቀልድ ስንቴ እንደደገምኳት እግዜር ይቁጠረው።

ቅናት ሥራ ያስፈታል። ያን ሰሞን ሹካ በግራ፣ ሹካ በቀኝ እየደረደርኩ አንድ ሙሉ አውሮፕላን ያለ ቢላ ልሰድ ስል የያዙኝ ጋሽ ይልማ ናቸው። ጋሽ ይልማ አገር ቤት የወረዳ ዳኛ ነበሩ፤ እዚህ ከእኔ ጋር አንድ ኩሽና ሰሃን ያጥባሉ። ሰሃኑንም ቢሆን ግራ ቀኝ አገላብጠው ካልመረመሩ አይለቁትም።

"አንተ ልጅ፣ መንገደኛው ሥጋውን በጥርሱ ይዞ ሊጎትት ነው?" አሉኝ።

ነገርኳቸው። ሁሉንም። ሳሉን ጭምር።

"ያልጠረጠረ ተመነጠረ" አሉ እጃቸውን እየጠረጉ። "ሽማግሌ ሳትልክ አንድ ዓመት ተቀመጥክ? ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል! እኔ እሄድልሃለሁ።"

ሽማግሌ ሦስት መሆን አለበትና ሁለት ጨመርን። አንደኛው መሪጌታ ናቸው፤ አገር ቤት ድጓ አስተምረዋል፣ አሁን የአየር ማረፊያውን መተላለፊያ በማሽን ያጥባሉ። ማሽኑ ሲጮህ አብረውት ዜማ ይሰብራሉ። ሌላው ሃምሳ አለቃ ናቸው። የክብር ዘበኛ የነበሩ፣ ቀጥ ያሉ፣ ግን ወንበር ካገኙ ወዲያው የሚያንቀላፉ። እኔም የምልካቸው ቆመው እንዲለምኑ ስለሆነ እንቅልፋቸው አላሳሰበኝም።

የኛን ወግ የማታውቁ የላችሁም። ሽማግሌ የሰው ቤት ገብቶ "ተቀመጡ" ሲባል አይቀመጥም። "ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም" ብሎ ይቆማል። ከተቀመጠ፣ ከዚያም አልፎ እህል ከቀመሰ፣ እንግዳ ሆነ ማለት ነው፤ ያን ቀን ስለ ልጅ ማንሳት አይችልም። ባቡር ውስጥ ከዙሪክ እስከ ጄኔቫ ጋሽ ይልማ ይህንኑ ሲያስጠኑ ሄዱ። "ወንበር አንነካም! ውኃ አንቀምስም!" ይላሉ። ፊት ለፊታችን የተቀመጡት ስዊስ አሮጊት አማርኛ ቢገባቸው ኖሮ የረሃብ አድማ ልንመታ የምንሄድ በመሰላቸው ነበር።

አግቢ አብሮ አይገባምና እኔ ከቤቱ ፊት ለፊት አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ቀረሁ። ሦስቱ በክራቫት፣ መሪጌታ ጃንጥላቸውን እንደ መቋሚያ ይዘው ገቡ። አውቶቡስ ይመጣል፣ ሾፌሩ በር ይከፍታል፣ "ሜርሲ፣ አልሄድም" እላለሁ። ሌላ ይመጣል፣ ይከፍታል፣ "ሜርሲ" እላለሁ። አራተኛው ሾፌር አይቶኝ ሳያቆም አለፈ።

አንደኛ ፎቅ ላይ መስኮቱ ገርበብ ብሏል። ሙዚቃ ይሰማል። ደሜ ፈላ፤ ያ ልጅ በእንዲህ ያለ ቀን እንኳ አይቀርም? ትንሽ ቆይቶ የመሪጌታ ጃንጥላ በመስኮቱ በኩል ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ ሲል ታየኝ። "ስለ እኔ እየተሟገቱልኝ ነው!" ብዬ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ከዚያ ደግሞ ሃምሳ አለቃ፣ እኒያ ቀጥ ያሉት ሰው፣ ትከሻቸውን እያንቀጠቀጡ ሽው ብለው በመስኮቱ አለፉ። አሃ! ተፈቀደ! ፌርማታው ላይ አማተብኩ። አጠገቤ ለቆሙት ሴትዮ "ላገባ ነው" አልኳቸው በአማርኛ። እሳቸውም በፈረንሳይኛ "ዊ፣ ዊ"፣ አዎ፣ አዎ አሉኝ።

ከሁለት ሰዓት በኋላ ወጡ። ፊታቸው ወዝቷል።

"እሺ፣ ምን አሉ?" አልኩ እየዘለልኩ።

"ማን?" አሉ ጋሽ ይልማ።

"ጋሽ ወንድይራድ ናቸዋ! ስለ ጋብቻው!"

ሦስቱ ተያዩ። ሃምሳ አለቃ ጫማቸውን ማየት ጀመሩ።

"ልጄ" አሉ ጋሽ ይልማ፣ "ስንገባ ዘፈን ላይ ደረስን። ጋሽ ወንድይራድ 'ይህቺ ትለቅና እንነጋገራለን፣ እስከዚያ አረፍ በሉ' አሉ። ዘፈን ማቋረጥ ደግሞ ነውር ነው። ለአንዲት ዘፈን ብለን... አረፍ አልን።"

"ተቀመጣችሁ?!"

"አንዲቷ ስታልቅ ሳታስታውቅ ሌላዋ ውስጥ ገባች። መለያ የላቸውም እኮ! ከዚያ ገለበጡት። ጀርባው ሲጀምር መሪጌታ 'ይህቺን ድገሙልኝ' አሉ። በመካከል ዳንኤል የሚባለው ልጅ ምግብ አቀረበ..."

"በላችሁ?!"

"በሰው ቤት እንዴት እምቢ ይባላል?" አሉ ሃምሳ አለቃ። "ልጁ ደግሞ እንዴት ያለ ጨዋ ነው! እጃችንን ሳይቀር ያስታጠበን እሱ ነው።"

እንግዲህ የኔን መመለስ አስቡት። ባቡሩ ውስጥ ሦስት ሽማግሌ ስለ ሸክላው ይከራከራል። "ሁለቱ ጊታሮች አንዱ ይመራል፣ አንዱ ይቀበላል፤ ልክ እንደኛው የማኅሌት ግራና ቀኝ" ይላሉ መሪጌታ። "በዕዝል ዜማ ጀምሮ በአራራይ ይወርዳል። ማን አስተማራቸው?" ጋሽ ይልማ ደግሞ ወፍራሙ ጊታር፣ ቤዙ ማለታቸው ነው፣ እንደ ጥሩ ዳኛ ነው አሉ፤ ብዙ አይናገርም፣ ሁሉም ግን የሚሄደው እሱ ባለው ነው። እኔ መስኮቱን እያየሁ ጥርሴን አፋጫለሁ። ዳንኤል ሽማግሌዎቼን እንኳ ወሰደብኝ! ሰው እንዴት የሰው ሽማግሌ ይወስዳል?

የባሰው ደግሞ ሐሙስ መጣ። ጋሽ ይልማ ሰሃን እያጠቡ፣ ዓይናቸውን ሳያነሱ፣ "ያ ዳንኤል ደውሎልኝ ነበር" አሉ። "የፊታችን ቅዳሜ ሽማግሌ ሁኑልኝ ብሎ ለመነን። እሺ አልን።"

"ለማን? ማንን ሊጠይቅ?"

"ይህ የሽማግሌ ምስጢር ነው" አሉ ዳኛው። "አንተም ብትሆን ምስጢርህን አላወጣንብህም።"

"የኔንማ ለባለቤቶቹም አልነገራችሁ!"

ከዚያ በኋላ ያደረግሁትን በደንብ አላስታውሰውም። ግማሽ የተደረደረ ትሪ ትቼ፣ ነጭ ልብሴን እንደለበስኩ፣ ባቡር ውስጥ ነበርኩ። ኦልተን ስንደርስ ትኬት ተቆጣጣሪው ራሴን እያየ ፈገግ አለ፤ የወረቀት ቆቤን ሳላወልቅ ነው የወጣሁት። ሽማግሌ ይቅር፣ ወግ ይቅር፣ ዛሬ በገዛ አፌ እናገራለሁ እያልኩ እስከ ጄኔቫ ስለማመድ ሄድኩ። የተለማመድኩት ሁሉ ግን በዳንኤል ስም ይጀምርና በዳንኤል ስም ያልቃል።

በሩን የከፈቱልኝ ጋሽ ወንድይራድ ናቸው። ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝና፣

"ምግብ አላዘዝንም" አሉኝ።

"ጋሽ ወንድይራድ፣ እኔ ነኝ!"

"አሃ፣ የፋሲካው ልጅ! ግባ፣ ግባ።"

ሒሩት ከሥራ መጥታ ሸሚዟን እንኳ አልቀየረችም። ዳንኤል የለም። ቆሜ፣ ቆቤን እያፍተለተልኩ፣ "ዳንኤል ቅዳሜ ሽማግሌ ሊልክብሽ ነው!" ብዬ ዘረገፍኩት። ለጋብቻ ጥያቄ እንዲህ ያለ መክፈቻ የተጠቀመ ሰው ካለ እስኪ ያሳዩኝ።

"በኔ?" አለች ሒሩት። "ዳንኤል የሚልከው ሎዛን ላለችው እጮኛው ቤተሰብ ነው። ሽማግሌ አጥቶ ሲጨነቅ አጎቴ የእነዚያን ሰዎች ስልክ ሰጠው።"

"ታዲያ ሸክላውን ይዞ እዚህ ምን ይሠራል?"

"ሸክላው የኔ ነው።"

ሳይፈቀድልኝ ተቀመጥኩ።

"የመጀመሪያ ደሞዜን ስቀበል ነው የገዛሁት። ዳንኤል የሚመጣው የቤት አከራዩ ሙዚቃ ስለምትከለክለው ነው።" ከዚያ ድምፅዋ ተለወጠ። "ሽማግሌዎችህ ለምን እንደመጡ ያላወቅን መሰለህ? ሦስት ሰው በክራቫት ከዙሪክ ድረስ ሸክላ ሊሰማ ይመጣል? እኔ ነኝ አጎቴን 'እንዲቀመጡ አድርግልኝ' ያልኩት።"

"ለምን?"

"ሦስት ቅዳሜ ጠየቅኩሃ! የምወደውን ነገር አንድ ጊዜ ስማልኝ አልኩህ። አንተ ስለ ባቡር አወራኸኝ። የምወደውን ለመስማት ግማሽ ሰዓት ያጣ ሰው ዕድሜዬን ሙሉ ሊያኖረኝ ሽማግሌ ላከ። ምን ብዬ እሺ ልበል?"

ጋሽ ወንድይራድ ጋዜጣቸውን ፊታቸው ላይ ከፍ አደረጉ፤ ገልብጠው እንደያዙት ግን አየሁ።

ሒሩት ተነስታ ሸክላውን ከልባሱ አወጣችው፣ በሸሚዟ እጅጌ ጠረግ አደረገችውና አስቀመጠችው። "እስኪያልቅ አትናገር" አለችኝ።

መጀመሪያ መቃኘታቸው ተሰማ። ሰውየው ሳለ። እውነት ለመናገር ሳሉ ምንም አይልም። ከዚያ ሁለቱ ጊታሮች መጡ፤ አንዱ ይጀምራል፣ አንዱ ነገሩን ከአፉ ይነጥቀዋል፣ እንደገና ይመልስለታል። ከሥራቸው ቤዙና ከበሮው ገቡ፤ እንደ ቸኮለ ሰው ሳይሆን የሚሄድበትን እንደሚያውቅ ሰው። እግሬ ሳላዘው መሬት መምታት ጀመረ። ትራምፔቶቹ ሲከተሉ ሸሚዜ ውስጥ ነፋስ የገባ መሰለኝ። እዚህ ሙዚቃ ውስጥ እርስ በርስ ሊጣሉ የሚገባቸው ነገሮች ነበሩ፤ የገጠሩና የከተማው፣ የመሸታ ቤቱና የጸሎት ቤቱ። አልተጣሉም። ማንም ማንንም ሳይውጥ፣ ቦታ ተለቃቀው ተቀመጡ። እኔ እኮ ከአንድ ጎፈሬ ጋር በአንድ አገር መኖር ያቃተኝ ሰው ነኝ! አፈርኩ።

ከጀርባው ሦስተኛው ዘፈን ላይ የአንድ ሽማግሌ ድምፅ ብቻውን መጣ፤ አንድ ኦርጋን ብቻ ይከተለዋል። የሚለው አልገባኝም። ሒሩትን አየኋት፤ ዓይኗን ጨፍናለች። አንድ ዓመት ሙሉ ስለ ብርድ ሳወራላት የነበረችው ሴት እዚህ ውስጥ ስትኖር ነበር። እኔ በር ላይ እንኳ አልደረስኩም።

ሲያልቅ "እሺ?" አለችኝ።

መዋሸት ፈልጌ ነበር፤ ልማድ ነው። ግን "ግማሹ አልገባኝም" አልኳት። "ሦስተኛው ላይ ግን አባቴ ታወሰኝ። ጢሙን ሲላጭ ብቻውን የሚያንጎራጉረው ነገር ነበረው። ዘንድሮ ድምፁን ከሰማሁ ስድስት ዓመቴ ነው። እንደዚህ ዓይነት ነገር እንደምትሰሚ ባውቅ ኖሮ... ሒሩት፣ እኔ ፈሪ ነኝ። ሸክላ ይዤ አላውቅም። ዋሽቼሽ ነው።"

"እሱንማ ከሳሉ ጀምሮ አውቃለሁ" አለች። ሳቀች፤ ዓይኗ ግን እርጥብ ነበር። "አሁን ሽማግሌ ላክ።"

"እነዚያን ልጥራቸው?"

"አይሆንም!" አሉ ጋሽ ወንድይራድ ከጋዜጣው ጀርባ። "እነዚያ እህሌን በልተው ቤተኛ ሆነዋል። ለመሪጌታማ ቁልፍ ላስቀርጽላቸው ነው።"

"ዳንኤልን ላክ" አለች ሒሩት።

"ዳንኤልን?!"

"ሰሞኑን ሁሉ ጎፈሬውን ስታማ የከረምክበት ሰው ቆሞ ስለ አንተ መልካም ከተናገረ፣ ያን ጊዜ አምናለሁ።"

እንግዲህ ለመንኩት። እምቢ ቢለኝ ምንኛ ደስ ባለኝ! ወዲያው አቅፎ ሳመኝ። "ወንድሜ፣ ክብሬ ነው!" አለኝ። ሎዛን በተሳካለት ማግሥት፣ እሑድ፣ በዚያ ድንኳን በሚያህል ሱሪው ላይ ከየት እንዳመጣው የማላውቀውን ነጭ ነጠላ ደርቦ ግራንድ ሳኮኔ ደረሰ። እኔ እንደ ወጉ ውጭ ቀረሁ፤ ግን ፌርማታው ስለራቀኝ ደረጃው ላይ ወጥቼ ጆሮዬን በሩ ላይ ለጠፍኩ።

"ቁጭ በል" አሉት ጋሽ ወንድይራድ።

"ጉዳዬ ሳይሰማ አልቀመጥም" አለ ዳንኤል፣ እግዜር ይስጠውና። ከዚያ ስለ እኔ መናገር ጀመረ። ታጋሽ ነው አለ። ሰው ሲናገር ያዳምጣል፣ ያየውን ሰው ሁሉ በበጎ ይተረጉማል፣ የወንድሙ ደስታ ደስታው ነው፣ ቅናት የሚባል ነገር በደጁ አላለፈም አለ። ድምፁ እንዴት ያምራል! እየሰማሁ ሄጄ በዚያ በሚወራለት ሰው ክፉኛ ቀናሁ። እንዴት ያለ ሰው ነው በእግዚአብሔር? ሒሩት ለእንዲህ ያለ ሰው እሺ ካላለች ለማን ልትል ነው?

ከውስጥ ድምፅዋን ሰማሁት። "እሺ" አለች።

ለዚያ ለተወራለት ሰው ነው ያለችው። ከተጋባን ይኸው ብዙ ዓመታችን ነው፤ እኔም ሰውየው ከየት እንደሚገኝ እያፈላለግሁ ነው።